ቀዳዳው ሥራ ነበረው

ሚኒሶታ ውስጥ በረዶ ጥሎ ባደረ ማግስት የአንድን ሰፈር የማሞቂያ ወጪ ለመገመት ቀና ብሎ ጣሪያ ማየት ይበቃል። በሴንት ፖል ምሥራቃዊ ሰፈሮች አንዱ ቤት ከአናቱ እስከ ጠርዙ ነጭ እንደሆነ ይውላል። አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ ግን በጭስ መውጫው ዙሪያ ጠቁሯል፣ መሀል ለመሀል ተገልጧል፣ ከታችኛው ጠርዙም ክንድ የሚያህል በረዶ ተንጠልጥሎበታል። አዲስ የመጣ ሰው ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል። የቆየ ሰው ግን ያዝናል፤ ያ የተንጠለጠለው በረዶ ሂሳቡ ተከፍሎበት ያመለጠ ሙቀት መሆኑን ያውቃልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመኖሪያው ክፍል ሾልኮ ጣሪያ ሥር የገባው ሙቀት በረዶውን ከሥሩ ያቀልጠዋል። ውሃው ቁልቁል ይወርድና ከግድግዳው አልፎ ወደተንጠለጠለው፣ ከሥሩ ሙቀት ወደሌለው ጠርዝ ሲደርስ ተመልሶ ይጠጥራል። እየተደራረበ ግድብ ይሠራል። ከግድቡ ኋላ የተጠራቀመው ውሃ መሄጃ ሲያጣ በጣሪያው ክዳን ሥር ሰርጎ ይገባና ኮርኒሱን ያረጥባል፤ ፀደይ ሲመጣ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ቢጫ እድፍ አውጥቶ ይገኛል።

የአክስቴ ልጅ ቤቱን የገዛው በበጋ ነው፤ በበጋ ደግሞ ይህ ሁሉ አይታይም። በ1924 የተሠራ ቤት ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከተማው የሞላው፣ አንድ ፎቅ ተኩል የሚሉት ዓይነት፦ የላይኛው ክፍል ጣሪያው ሥር የተሸጎጠ፣ ኮርኒሱ ግራና ቀኝ የተዳፋ፣ ጎንና ጎኑ ወገብ በማይሞላ አጭር ግድግዳ የተዘጋ፣ ከአጭሩ ግድግዳ ጀርባ ደግሞ ሻንጣና የገና ዛፍ የሚወረወርበት ጨለማ ጥግ ያለው። ልጁ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ደሴ ሳለ ከአባቱ ጋር መዶሻ ይዞ ስላደገ ለእጅ ሥራ ባይተዋር አይደለም። የመጀመሪያውን ክረምት በብርድ ልብስና በጋዝ ሂሳብ ካሳለፈ በኋላ ያወጣው ዕቅድ አጭር ነበር። ቅዳሜ ጓደኞቹን ለደቦ ይጠራል፣ ከግንባታ ዕቃ መደብር መንፊያ ማሽን ይዋሳል፣ አቲኩን (ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ) በኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያመልጥ በሚነፋ ወይም በሚነጠፍ ቁስ) ይሞላል፣ እሑድ ቅዳሴ ይሄዳል።

ዕቅዱ ሞኝነት አልነበረም። ብዙ መደብሮች በቂ የኢንሱሌሽን ከረጢት ለገዛ ሰው ማሽኑን በነፃ ያውሳሉ፤ መንፋቱም ሁለት ሰው ካለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከመንፋቱ በፊት ያለው ሥራ ግን ከፀደይ እስከ ኦክቶበር ፈጀ። እኔም የመጻፍ ሐሳብ ያደረብኝ ያንን እያየሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ቤት ስንል ዝናብና ፀሐይ የሚከለክል ማለታችን ነው። በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ሰማይ ቢታይ ማንም አይደነግጥም፤ የማጀቱም ጭስ የሚወጣው በዚያው ነው። ውጪው ከዜሮ በታች 25፣ ውስጡ ከዜሮ በላይ 20 ዲግሪ በሆነበት አገር ግን ያው ክፍተት ሌላ ጠባይ ያወጣል። ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይገፋል፣ ከላይ ባገኘው ቀዳዳ ይወጣል፣ በወጣው ልክ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ከታች፣ በቤዝመንቱ (በምድር ቤቱ) ስንጥቅ ተስቦ ይገባል። ቤቱ በሙሉ፣ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት፣ ጭስ መውጫ ይሆናል። ሳሎን ተቀምጦ እግሩን የሚበርደው ሰው መስኮቱን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፎቅ ከበላዩ ነው።

ኢንሱሌሽን ይህንን አያቆምም። ፋይበርግላስም ሆነ ሴሉሎስ ሙቀት የሚይዘው በቃጫው መካከል ባቆመው አየር ነው፤ አየሩ ከቆመ ይሠራል፣ ከተንቀሳቀሰ አይሠራም። ነፋስ በሚያፏጭበት ጋራ አናት ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ይህን ያውቀዋል። የቤቱን የኃይል ምርመራ ሊያደርግ የመጣው ኦዲተር አቲኩ ውስጥ የነበረውን አሮጌ ሮዝ ፋይበርግላስ ገለጥ ሲያደርግ ከሥሩ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ነበረበት። የአክስቴ ልጅ ሻጋታ መስሎት ደነገጠ። ሻጋታ አልነበረም፤ ለዓመታት ከታች እየሾለከ ያለፈው አየር ያራገፈው አቧራ ነው። ቃጫው ሙቀቱን ያሳልፍና ቆሻሻውን ያስቀራል። ይህ እድፍ ለሚያውቅበት ሰው ካርታ ነው፤ ጥቁሩ ባለበት ሁሉ ከሥሩ ቀዳዳ አለ።

ይህን ጉዳይ በመሣሪያ ካረጋገጡት መካከል ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የሠሩት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ትዊን ሪቨርስ በተባለ መንደር የቤቶቹን አቲክ ሲለኩ፣ በዚያ በኩል የሚባክነው ሙቀት በወረቀት ላይ ካሰሉት በብዙ እጥፍ በለጠባቸው። ስሌታቸው የቆጠረው በኮርኒሱና በኢንሱሌሽኑ አልፎ የሚሄደውን ሙቀት ነበር። አየሩ ግን ኮርኒሱን ሳይነካ በግድግዳ ውስጥ፣ በቧንቧና በጭስ መውጫ ጎን አቋርጦ ይወጣ ነበር። ዛሬ የሚኒሶታ መንግሥት ለባለቤቶች የሚያዘጋጀው መመሪያ ኢንሱሌሽን ከመጨመር በፊት እነዚህን የአቲክ አቋራጮች ድፈኑ የሚለው ከዚያ ዘመን ትምህርት ተነሥቶ ነው።

ቀዳዳውን የሚለካው መሣሪያ ብሎወር ዶር ይባላል። የውጪው በር ላይ ሸራ ይወጠርና ትልቅ ማራገቢያ ይገጠምበታል፤ ማራገቢያው የቤቱን አየር ወደ ውጪ ሲስብ በውስጥና በውጪ መካከል የ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ይፈጠራል፤ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ ቤቱን በአራቱም ማዕዘን ቢገፋው እንደማለት ነው። ከታወቁት መሣሪያዎች አንዱ ጎረቤት ከተማ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ስሙም ሚኒያፖሊስ ብሎወር ዶር ነው። የሚኒሶታ የግንባታ ሕግ አዲስ ቤት በዚህ ግፊት አየሩ በሰዓት ከ3 ጊዜ በላይ እንዳይለወጥ ያዛል። የመቶ ዓመት ቤቶች ዘንድ ከ10 በላይ ማንበብ ለኦዲተሮች ዜና አይደለም፤ የዚህም ቤት ውጤት ከዚያው ወገን ነበር።

ዞር ዞር ብሎ ከተመለከተ በኋላ ኦዲተሩ ያለው ነገር ነው ሥራውን ያስረዘመው። ቤቱ መቶ ዓመት ሳይበሰብስና ሳይቃጠል የቆመው ቀዳዳ ስለነበረው ነው አለ። ያ የሚያፏጨው አየር የኤሌክትሪክ ሽቦውን ሲያቀዘቅዝ፣ የረጠበውን ግድግዳ ሲያደርቅ፣ የውሃ ማሞቂያውን እሳት ሲያስተነፍስ፣ የወጥ ቤቱን እንፋሎት ሲያስወጣ ኖሯል። ስትደፍኑት ያንን ሥራ በሙሉ ታቆማላችሁ፤ ስለዚህ ከመድፈናችሁ በፊት እያንዳንዱን ሥራ ማን እንደሚረከበው ወስኑ። እኔ ከሰማኋቸው የግንባታ ምክሮች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

መጀመሪያ የቆመው ሥራ ግን የመድፈኑ ራሱ ነው። በሮዙ ፋይበርግላስ ሥር፣ ከአቲኩ በአንደኛው ወገን፣ በወራጆቹ መካከል ጠጠር የመሰለ ነገር ተነጥፎ ተገኘ፤ ግራጫ፣ አንዳንዱ ወርቃማ፣ ሲያዩት ብዙ ቀጭን ገጽ ተነባብሮ ያበጠ። ቨርሚኩላይት ነው። ማዕድኑ በሙቀት ሲነፋ ቀላልና የማይቃጠል ስለሚሆን ባለቤቶች ራሳቸው ከከረጢት እያፈሰሱ አቲካቸው ላይ ይዘረጉት ነበር። ችግሩ የመጣው ከምንጩ ነው። እንደ አሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ1919 እስከ 1990 አገሪቱ ውስጥ ከተሸጠው ቨርሚኩላይት ከ70 በመቶ በላይ የመጣው ሞንታና ውስጥ ሊቢ ከምትባል ከተማ አጠገብ ካለ አንድ ማዕድን ማውጫ ነው፤ ያ ማውጫ ደግሞ አስቤስቶስ ተቀላቅሎበታል። ሊቢ ውስጥ የሠራተኛውና የነዋሪው ሳንባ ታሞ፣ ብዙ ሰው ሞቶ፣ በ2009 ኤጀንሲው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ሁኔታ ያወጀው ለዚያች ከተማ ነው።

ታሪኩ ለሚኒሶታ ሰዎች ሩቅ አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስ ከ1938 እስከ 1989 የሊቢን ማዕድን የሚነፋ ፋብሪካ ነበር። ከማምረቻው የተረፈውን ድንጋይ የሰፈሩ ሰው በነፃ እየወሰደ መኪና መግቢያውና አትክልት ቦታው ላይ አፍስሶታል፤ ልጆችም ክምሩ ላይ ይጫወቱ ነበር። ኋላ መንግሥት መጥቶ ከ200 በላይ ግቢዎችን ቆፍሮ አጽድቷል።

ስለዚህ ምክሩ አጭር ነው። ቨርሚኩላይት ካያችሁ አስቤስቶስ አለበት ብላችሁ ቁጠሩ፣ አትንኩት፣ አትጥረጉት፣ በቤት ቫኪዩም ፈጽሞ አትሳቡት፣ የአቲኩን በር ዝጉና ውረዱ። የደቦ ሥራ አይደለም፤ ፈቃድ ያለው አስወጋጅ ድርጅት ክፍሉን በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ አየሩን በማጣሪያ እየሳበ ነው የሚያወጣው። ዋጋው የሚያስደነግጥ ነው። ያን ማዕድን ሲያወጣ የነበረው ኩባንያ ከኪሳራ ሲወጣ በተቋቋመው፣ የዞኖላይት አቲክ ኢንሱሌሽን ትረስት በተባለው ፈንድ በኩል ግን ምርቱ የእርሱ መሆኑ ከተረጋገጠ የወጪው ከፊል ይመለሳል፤ ማመልከቻው ፎቶና ናሙና ይጠይቃል። የአክስቴ ልጅ ከፊሉን አስመልሷል። የቀረው ለአዲስ ወጥ ቤት ያስቀመጠው ገንዘብ ነበር፤ ሚስቱ እስካሁን ታነሣበታለች።

አስወጋጆቹ ሲጨርሱ አቲኩ ራቁቱን ቀረ፤ ሽቦውም ታየ። በዚያ ዘመን፣ እስከ 1940ዎቹ ድረስ፣ በአሜሪካ ቤት የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚዘረጋው በሸክላ መያዣ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ተራርቀው፣ ከእንጨቱ ርቀው በትንንሽ ነጭ የሸክላ ጉብታዎች ላይ ታስረው ይሄዳሉ፤ ወራጁን ሲበሱ በሸክላ ቱቦ ያልፋሉ። ሥርዓቱ ለዘመኑ ጥሩ ነበር፤ እስካሁን የሚሠራበት ቤት ሞልቷል። ነገር ግን ሽቦው ሲግል ሙቀቱን የሚያራግፈው ዙሪያውን ወዳለው አየር ነው። ሴሉሎስ ከተነፋበት መተንፈሻ ያጣል፣ የመቶ ዓመት መሸፈኛውም ተሰባብሯል። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ደንብም ይህን ሽቦ በኢንሱሌሽን መቅበርን ይከለክላል። ኤሌክትሪሺያን ተጠራ፣ የአቲኩ መስመር ተቀየረ፣ የከተማው ኢንስፔክተር መጥቶ አየ። ባለቤቱ በራሱ እጅ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እያንዳንዱ የሽቦ መገናኛ ሣጥን ክዳን እንዲኖረው አድርጎ፣ ከኢንሱሌሽኑ በላይ የሚታይ ባንዲራ ተከለበት። ከ40 ሳንቲ ሜትር ኢንሱሌሽን ሥር የተቀበረ ሣጥን መፈለግ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይህን ሲያይ ይመርቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በእርግጥ የባለቤቱ ነው። ፋኖስ ግንባር ላይ፣ ጥሩ ጭንብል አፍ ላይ፣ በወራጅ ላይ ብቻ እየረገጡ (በወራጆቹ መካከል ያለው ልስን ነው፤ የረገጠው ሰው እግሩን ሳሎን ውስጥ ያገኘዋል) ቀዳዳ መፈለግ። በቀዝቃዛ ማለዳ ነው የሚሻለው፤ በሐምሌ ከሰዓት የአቲክ ሙቀት ሰው ይጥላል።

ቀዳዳውን ከውስጥ ያገኘነው በዕጣን ነው። በመጽሐፍም ያለ ዘዴ ነው፤ ባለሙያዎቹ ጭስ የሚተፋ ትንሽ ብልቃጥ ይጠቀማሉ፣ ዕጣን ያለው ቤት ግን አያስፈልገውም። የውሃ ማሞቂያውና ፈርነሱ (የቤቱ ማሞቂያ) ጠፍተው (ይህ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ የእሳቱ ጭስ ወደ ቤት ይሳባል) የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያና የልብስ ማድረቂያው ይከፈታሉ፤ ቤቱ አየር ይጠማዋል፣ በየስንጥቁም ይስባል። አክስቴ፣ የልጁ እናት፣ ማጨሻቸውን ይዘው በየክፍሉ ዞሩ። እናቶቻችን ቤት ሲያጥኑ ማየት የለመድነው ልጆች፣ ያን ቀን ጭሱ የት እንደሚወዛወዝ እያየን በእርሳስ ምልክት አደረግን። በማብሪያና ማጥፊያው ዙሪያ፣ በእግረ ግድግዳው እንጨት ሥር፣ በጓዳው ደረጃ ጥግ። «ይኼ ቤት ሳይሆን ወንፊት ነው» አሉ አክስቴ።

ትልልቆቹ ግን ከላይ ነበሩ። አንደኛው ጭስ መውጫው ነው። ሕጉ በጡብ ጭስ መውጫና በእንጨት መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ያዛል፤ እሳት እንዳይነሣ። ያ ክፍተት ግን ከቤዝመንት እስከ አቲክ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ጉድጓድ ነው። በፎም አይደፈንም፣ ፎም ይቃጠላል። በልኩ በተቆረጠ ቆርቆሮ ተከብቦ፣ የቀረው ስንጥቅ እሳት በሚችል ማሸጊያ ይለሰናል፤ ኢንሱሌሽኑም ጡቡን እንዳይነካ የቆርቆሮ አጥር ይቆምለታል። ሁለተኛው አጭሩ ግድግዳ ነው። ከጀርባው ያለው ጨለማ ጥግ ቀዝቃዛ ነው፣ ከፊቱ ያለው መኝታ ቤት ሞቃት ነው፤ የወለሉ ወራጆች ግን ግድግዳው ሥር ሳይቋረጡ ያልፋሉ። ስለዚህ የክረምት ነፋስ በመኝታ ቤቱ ወለል ሥር ከዳር እስከ ዳር ይመላለስ ነበር። በየወራጁ መካከል የጠንካራ ፎም ቁራጭ እየለኩ፣ እየቆረጡ፣ ዳሩን በሚረጭ ፎም እያሸጉ መዝጋት፣ ያም በሆድ ተኝቶ፣ ከሥራው ሁሉ አሰልቺውና ከሁሉ የጠቀመው እርሱ ነው።

ሦስተኛው ከግድግዳው ይመጣል። በዚያ ዘመን ብዙ ቤት የሚሠራው ቋሚ እንጨቱ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ሳይቆረጥ እንዲዘልቅ ተደርጎ ስለሆነ፣ በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከታችም ከላይም አፉ ክፍት ነው። ምሥጢሩ የተገለጠው በአፍንጫ ነው። አክስቴ ምጣዳቸውን የጣሉት ቤዝመንት ነው፤ ቁሌቱንም እዚያው ያቁላላሉ፣ ልብስ እንዳይሸት። እንጀራ በሚጋገርበት ዕለት አቲክ ላይ ቆሞ እንጀራ እንጀራ ይሸታል። ሽታው ከሄደ እንፋሎቱም ሄዷል። በጥር ወር ከጣሪያው ሳንቃ ሥር የወጡት የምስማር ጫፎች ሁሉ ነጭ አመዳይ ለብሰው ነበር፤ ፀደይ ሲመጣ ያ ሁሉ ይንጠባጠባል፣ ሰውም ጣሪያው አፈሰሰ ብሎ ጣሪያ ሠሪ ይጠራል።

ሰዎች እርጥበት በግድግዳው ቁስ ውስጥ ሰርጎ የሚሄድ ይመስላቸዋል። ይሄዳል፣ ግን ጥቂት። በግንባታ ሳይንስ መጻሕፍት የሚጠቀስ አንድ ንጽጽር አለ፦ በአንድ ሙሉ የጂፕሰም ሰሌዳ ገጽ ሰርጎ በአንድ ክረምት የሚያልፈው ውሃ አንድ ሦስተኛ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ እዚያው ሰሌዳ ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር በ2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ቢኖር ሾልኮ የሚሄደው አየር 28 ሊትር ገደማ ተሸክሞ ይወጣል። ስለዚህ ፕላስቲክ ከማንጠፍ በፊት ቀዳዳ መድፈን ይቀድማል። የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ ቱቦም አቲክ ውስጥ ተጥሎ ከተገኘ (እዚህ ቤት ተገኝቷል) በጣሪያው ወይም በግድግዳው በኩል እስከ ውጪ መድረስ አለበት። የምድጃው አየር መሳቢያ እንፋሎቱን አጣርቶ መልሶ ወጥ ቤት የሚተፋ ዓይነት ከሆነ ለሐበሻ ቤት አይረባም። ምጣዱ ካለበት ቤዝመንት የሚወጣ እውነተኛ ማራገቢያ ተገጠመ፤ ከገንዘቡ ሁሉ በደንብ የዋለው እርሱ ይመስለኛል።

የእሳቱ ነገር ይቀራል፤ ይህን ያለ ቀልድ ነው የምጽፈው። ቤዝመንት ያለው አሮጌ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ጭሱን የሚያወጣው በራሱ ሙቀት ግፊት ብቻ ነው። ቤቱ ሲታሸግና ማራገቢያ ሲከፈት ያ ደካማ ግፊት ይሸነፍና ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ጭሱ ውስጥ የማይሸት የማይታይ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ስለዚህ ጥሩ ኦዲተር ከማሸጉ በፊትም በኋላም ይህን ይፈትናል። እዚህ ቤት ውሃ ማሞቂያው የራሱን አየር ከውጪ በቱቦ በሚስብ ተቀየረ። የሚኒሶታ ሕግ በየመኝታ ቤቱ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል እንዲኖር ያዛል፤ ተገጠመ። ከዚያ ወደ አክስቴ ረከቦት ደረስን።

ከሰል ቤት ውስጥ አይነድም። በሚያፈስ ቤትም አይገባም ነበር፣ ግን ቀዳዳው እያዳነ ብዙዎቻችንን አሳልፎናል። በዲሴምበር 2006 በሲያትል አካባቢ ማዕበል መብራት ባጠፋ ጊዜ ቤታቸውን በከሰልና በጄኔሬተር ሊያሞቁ የሞከሩ ሰዎች ሞተዋል፣ በመቶዎች የሚቆጠሩም ታመው ሆስፒታል ሄደዋል፤ ከሰል ካነደዱት ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ። አክስቴ ይህን ሰምተው ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ቡናው በምን ሊፈላ ነው?» አሉ። ልጃቸው የኤሌክትሪክ ምድጃ አቀረበ። «እማዬ፣ ዕጣኑም ቢሆን በዚህ በኤሌክትሪክ ማጨሻ ነው» አላቸው። ተቀበሉት ማለት አልችልም፤ ከሰሉ ግን በረንዳ ወጥቷል፣ የሚነደውም በበጋ ብቻ ነው።

ከጋዙ ሌላ ከመሬት የሚመጣም አለ። የሚኒሶታ ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ከአምስት ቤት ሁለቱ ሬዶን የተባለው ሬዲዮአክቲቭ ጋዝ እርምጃ እንዲወሰድ ከሚመከርበት ደረጃ በላይ አለባቸው። ማሸግ የአየሩን ፍሰት ስለሚለውጥ ከሥራው በኋላ መለካት ይገባል፤ መለኪያው ርካሽ ነው።

ስለ ቀለሙም ጥቂት ልበል። በአሜሪካ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው፤ ከ1940 በፊት ከተሠሩት ቤቶች ደግሞ 87 በመቶ ያህሉ ይኖርባቸዋል ይላል የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው። የአጭሩን ግድግዳ በር ማስፋት፣ ልስን መቁረጥ፣ አሮጌ እንጨት መፋቅ ሁሉ ያን ቀለም አቧራ ያደርገዋል፤ ትንንሽ ልጆች ደግሞ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። ሕጉ ኮንትራክተሩን ሥልጠና ያስገድዳል፣ በራሱ ቤት የሚሠራውን ባለቤት ግን አያስገድድም። ደንቡ ለቀቀን ማለት አቧራው ለቀቀን ማለት አይደለም። የቤቱ ልጆች አያታቸውን ይዘው ዘመድ ቤት ሰነበቱ፣ ክፍሉ በፕላስቲክ ተከለለ፣ የሚቆረጠው እየረጠበ ተቆረጠ፣ ወለሉም ደቃቅ በሚያጣራ ቫኪዩም ተጠረገ።

የሌሊት ወፎቹን ዘንግቼ ነበር። ከጣሪያው ጥግ ገብተው ነበር። ከጁን እስከ ኦገስት አጋማሽ ግልገሎቻቸው መብረር ስለማይችሉ መውጫቸው በዚያ ጊዜ አይዘጋም፤ ያም ሥራውን ወደ መኸር ገፋው።

መንፋቱ ደረሰ። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለዚህ ዓይነት ብርድ አር-60 የሚባለውን የሙቀት መከላከል አቅም ይመክራል፣ የሚኒሶታ ሕግ ለአዲስ ቤት አር-49 ይጠይቃል፤ በሴሉሎስ ሲሆን ከ35 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነው። በጣሪያው ጠርዝ በኩል የሚገባው የውጪ አየር እንዳይታፈን በየወራጁ መካከል የአየር መተላለፊያ ቀድሞ ተመታ፣ ለመግቢያው ክዳን የሳንቃ ግድብ ተሠራ፣ ውፍረቱን የሚያሳዩ የወረቀት ማስመሪያዎች እዚህም እዚያም ተመቱ። ቁሱ በቦሬት የታከመ አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ እሳትና ተባይ አይወደውም። ሁለት ሰው ከታች ከረጢት እየቀደደ ማሽኑን ያጎርሳል፣ አንድ ሰው ከላይ ቱቦውን ይዞ ወደ ኋላ እየሸሸ ይነፋል። ምሳ ሳይደርስ አለቀ። ለደቦ የመጡት ጓደኞች «ለዚህ ነው እንዴ ስድስት ወር ያስጨነቅኸን?» እያሉ በሉ።

ስለ ገንዘቡ፦ የፌዴራሉ መንግሥት የኢንሱሌሽን ቁስ ከገዛ ባለቤት ላይ የወጪውን 30 በመቶ፣ በዓመት እስከ 1,200 ዶላር፣ ከግብሩ ይቀንስለት ነበር፤ በ2025 የወጣው ሕግ ይህን ከዚያው ዓመት መጨረሻ በኋላ አቁሞታል። የኃይል ኩባንያዎች የሚሰጡት ተመላሽ ብዙውን ጊዜ በኮንትራክተር ለተሠራ ሥራ ነው፣ ስለዚህ በራሱ እጅ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑ ቤተሰቦች፣ ተከራይም ቢሆኑ፣ ከ1976 ጀምሮ ባለው የፌዴራል የቤት ማሸጊያ ድጋፍ ምርመራውንም ሥራውንም በነፃ ሊያገኙ ይችላሉ። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ብቁ ሆነው ሳለ የሚያመለክቱት ጥቂቶች መሆናቸው ያናድደኛል፤ ቅጹ ረጅም ነው፣ እውነት ነው፣ ግን አንድ ክረምት ከሚያስከፍለው ጋዝ አይረዝምም።

ግድግዳው ገና ነው። ባዶ ስለሆነ ሴሉሎስ ከውጪ ተበስቶ ተጠቅጥቆ ሊነፋበት ይችላል፤ ነገር ግን በሰሜኑ ወገን አሸንዳው ተቀዶ ውሃውን ግድግዳው ላይ ያፈሳል፣ ሁለት መስኮቶችም ከሥራቸው በስብሰዋል። ያ ግድግዳ እስካሁን የደረቀው ነፋስ ስለሚያልፍበት ነው። አሸንዳው መጀመሪያ ይቀየራል፣ መስኮቱ ይታደሳል፣ እንጨቱ አንድ በጋ ሙሉ ይደርቃል፣ የግድግዳው ውስጥ ሽቦም ይመረመራል። የአክስቴ ልጅ ለመጪው ዓመት ይዞታል። ሚስቱ ደግሞ ወጥ ቤቱን ለመጪው ዓመት ይዛዋለች።